አማትና ምራት በጠቆረ ስክሪን ፊት

የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሴ ቁርስ ላይ በዳቦ ቅርፊት ለሁለት ተሰበረብኝ። ስብርባሪውን በመሐረብ ቋጥሬ፣ አፌን በመዳፌ ከልዬ ወደ ጥርስ ሠሪው ቤት መንገድ ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ በርእሰ መምህርነት ስናገር ኖሬ በጡረታዬ አፍ መክፈት የሚያሳፍረኝ ሰው መሆኔ በጣም አናዶኛል። መጽናኛዬ አንድ ብቻ ነበር፤ አዲሱ ጥርሴ ተጀምሯል። የድዴ ቅርጽ በመሣሪያ ተነሥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብቷል፣ "ትንሽ ይታገሡን" ተብያለሁ።

ማዞሪያው ላይ ስደርስ ጥርስ ሠሪውን ራሳቸውን አገኘኋቸው። ሠፈሩ "ጋሽ መንጋጋ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያለ ቅሬታ አቤት ይላሉ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ታቅፈው፣ ፊታቸውን ቋጥረው ይራመዳሉ። ምራታቸው የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በእጇ እንደያዘች ከኋላቸው ትከተላለች። ቀድማ መንገድ ብትዘጋባቸው ነውር ነው፤ ትታቸው ብትመለስ ደግሞ ልቧ እምቢ ብሏል። ስለዚህ በለሆሳስ "አባባ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይስሙኝ" እያለች ነበር የምትሄደው።

"እንደምን አደሩ ጋሽ መንጋጋ? ምን ታቅፈው ነው በማለዳ?" አልኳቸው ከመዳፌ ሥር።

"እግዜር ይመስገን መምህር። ኮምፒዩተሩ ነው። ሲረብሽ ከርሞ ዛሬ ጭራሽ ጠቆረ። የሚገዛኝ ሰው አግኝቻለሁና ላስረክበው ነው። ጥርስ የሚቀርጸውን ማሽን ደግሞ ከሰዓት ራሱ መጥቶ ይጭነዋል።"

"የኔስ ጥርስ?"

ጋሽ መንጋጋ ወደ ታቀፉት ብርድ ልብስ አዩ። ይህን አላሰቡበትም ነበር። "የርስዎ ጥርስ... እዚሁ ውስጥ ነው ያለው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እንግዲያው ድዴን ታቅፈው የትም አይሄዱም" ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሽማግሌ የራሱ ጥቅም ሲነካ ለዕርቅ እንዴት እንደሚፈጥን ያን ቀን በራሴ አየሁ። ምራታቸው ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ያለቀሰ ዓይን ነበር። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው።

ተያይዘን ወደ ቤታቸው ተመለስን። የሥራ ክፍሉ ከመንገድ ፊት ለፊት ያለ ሰፊ ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ላይ የሠፈሩ ሰው መንጋጋ በጀሶ ተቀርጾ ተደርድሯል፤ በሕይወት ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። በመስኮቱ ሥር የጋሽ መንጋጋ ጠረጴዛ አለ፤ ሰም፣ ሰም ማቅለጫ፣ ሞረድ፣ እጀታው በእጅ ብዛት የተበላ መቅረጫ ቢላ። ማዶ ያለው የምራትየዋ ጠረጴዛ ነው፤ ስክሪኑ ብቻውን ቀርቶ፣ ማሽኑ ከጎኑ ሽፋኑን ለብሶ ቆሟል።

የጋሽ መንጋጋ አንድ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። "ሰው አፍ ውስጥ ከምገባ ገደል ብገባ ይሻለኛል" ብሎ የአባቱን ሙያ እምቢ አለ። ሚስቱ ግን ለአማቷ ምሳ ስታመላልስ ሙያውን ወደደችው። ዲዛይን የተማረች ናትና ኮምፒዩተሩንም ማሽኑንም ወደዚህ ቤት ያስገባችው እሷ ናት። አማት ሰም መቅረጽ አስተማሯት፣ እሷ ደግሞ በስክሪን ላይ መቅረጽ ጀመረች፤ ለተወሰነ ጊዜ ሁለቱም ጠረጴዛዎች በሰላም ሠሩ።

"በሉ ቁጭ በሉና በሥርዓት እንነጋገር" አልኩ፣ አሁንም የትምህርት ቤት ደወል በእጄ ያለ እየመሰለኝ።

ጋሽ መንጋጋ ኮምፒዩተሩን አሳርፈው ላባቸውን ጠረጉ። "ልንገርዎ መምህር። የሚሠራ ነገር አይነካም። ማታ ደህና የዋለ ዕቃ ጠዋት የሚጠቁረው ሌሊት ታሞ አይደለም፤ ተነካክቶ ነው። እሷ ጠዋት ትገባለች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ አንድ መስመር ትጽፍበታለች፤ አፕዴት ትለዋለች። እሱ እዚያ ሲንደቀደቅ እሷ ጀሶዋን ታቦካለች። ለምን ስላት ይሄ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ሳያቋርጥ የሚታደስ ዓይነት ነው ትለኛለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማችም።"

"ሰምቻለሁ አባባ" አለች ምራትየዋ። "ግን ያልታደሰ ነገርም ያረጃል።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ልታድሺኝ ነው?"

ሳቄ አመለጠኝ፤ መዳፌን ረስቼ ስለነበር አፌን ቶሎ ከደንኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እሺ፣ ተሸጠ እንበል" አልኩ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወደ ሰሜ እመለሳለሁ። ሰም ቢበላሽ አቅልጬ እንደገና እጀምራለሁ። ይሄ ሲጠቁር ግን እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ። እጄን አጣምሬ የሰው ፊት አያለሁ።"

"አንቺስ ልጄ?"

ገመዱን በጣቷ ላይ እየጠቀለለች ቆየች። "አንድ ትልቅ ክሊኒክ ነይና ሥሪልን ብሎኛል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ማሽኑ ከተሸጠ ግን እሄዳለሁ መምህር። አባባን ጠልቼ አይደለም፣ አባቴ ናቸው። ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ግን አልችልም።"

ጋሽ መንጋጋ ይህን አልሰሙም ነበር መሰለኝ፣ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ነገሩ የኮምፒዩተር ነገር አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ማሽኑ ከሄደ ምራትየዋ ትሄዳለች፤ ምራትየዋ ከሄደች ይህ ክፍል ጀሶ ብቻ ይቀረዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ ሽማግሌው ሊያጡት ያሉትን ነገር ገና አልመዘኑትም።

"ሰሙን ማን ሊቀርጸው ነው?" አልኳቸው።

"እኔ ነኛ።"

"እስቲ ያሳዩኝ።"

ይህን በማለቴ ወዲያው ተጸጸትኩ። ጋሽ መንጋጋ ከጠረጴዛቸው ላይ ግማሽ የተቀረጸ የሰም ጥርስ አነሡ፤ ቢላውን ያዙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ክንዳቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጣብቀው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጫፉን ሊጠርቡ ሞከሩ፤ ቢላው አዳለጠና የጥርሱን ማዕዘን ገምሶ ጣለው። ምራትየዋ እንዳላየች ለመሆን ወደ መደርደሪያው ዞራ የጀሶ መንጋጋዎቹን ታስተካክል ጀመር። ልቤ አዘነ። ይህ ሰው የሠፈሩን ግማሽ አፍ በዚያ ቢላ የሠራ ሰው ነው።

"ይዩት እንግዲህ" አሉ ቢላውን ቀስ አድርገው አስቀምጠው። "እጄም ከዳኝ፣ ማሽኑም ከዳኝ። ከሁለቱ አንዱን መሸጥ ስለምችል ነው የምሸጠው።"

ዝም ማለት ልማዴ አይደለምና ወደ ምራትየዋ ዞርኩ። "ለመሆኑ ለምንድን ነው የሚጠቁረው? እኔ ስለዚህ ነገር አላውቅም። ለማያውቅ ሰው እንደምትነግሪ ንገሪኝ።"

"እሺ መምህር። ከርነል የሚባል አለ። የኮምፒዩተሩ ሥርዓት መሠረት ነው፤ ፕሮግራም ሁሉ ከብረቱ ጋር የሚገናኘው በእሱ በኩል ነው። ደግሞ ድራይቨር የሚባል አለ። ይህ ለአንድ ዕቃ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ግራፊክስ ካርዳችን የራሱ ድራይቨር አለው፣ ምስል ወደ ስክሪኑ የሚመጣው በእሱ ነው። ድራይቨሩ የሚዘጋጀው ደግሞ ከርነሉ ላይ ልክክ ብሎ እንዲቀመጥ ሆኖ ነው።"

"ልክክ ብሎ?" አሉ ጋሽ መንጋጋ። ይህች ቃል የሙያቸው ቃል ናት።

"አዎ አባባ። ከርነሉን ድድ ነው ይበሉት፣ ድራይቨሩን ደግሞ ጥርስ። ለአንዱ ድድ የተሠራ ጥርስ ለሌላው አይሆንም።"

"አይሆንም ብቻ? ያቆስላል እንጂ" አሉና ወደኔ ዞሩ። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ ስለ ድድ ሲነሣ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው። "ሰው አይገባውም መምህር። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድድ እንደነበረ አይቆይም፤ ይሟሽሻል፣ ይለወጣል። ሰውየው ግን አምና የሠራሁለትን ጥርስ ይዞ ይመጣና ጥርስህ ተበላሸ ይለኛል። ጥርሱ አልተበላሸም። ድዱ ሄዷል፣ ጥርሱ ቀርቷል። ከሥሩ ተሞልቶ እንደገና መስተካከል አለበት።"

"ልክ ነው አባባ። ይሄ ሊኑክስ ከርነሉ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ሲለወጥ ለእሱ የሚሆን ድራይቨርም አብሮ ይመጣል። የማይገባኝ ይሄ ነው፤ ሁለቱ አብረው መታደስ ሲገባቸው ዛሬ ጠዋት አልተጣጣሙም። ለምን እንደሆነ ላጣራ ስል እርስዎ ገመዱን ነቀሉት።"

ጋሽ መንጋጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የተቆረሰውን ሰም አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ዘመን ኖሬያለሁና ሊናገር እየፈለገ የማይናገር ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

"አብረው አልታደሱም" አሉ በመጨረሻ። "ድራይቨሩ አልታደሰም።"

"እንዴት አወቁ አባባ?"

"አስቆልፌዋለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ምራትየዋ እናቷን ልትጠይቅ በሄደችበት ሰሞን ስክሪኑ ይረብሽ ጀመር፤ ምስሉ ይንቀጠቀጥ፣ ይጠፋ፣ ተመልሶ ይበራ ነበር። ጋሽ መንጋጋ አንድ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ጠሩ። ጠጋኙ ድራይቨሩን ወደ ቀድሞው መልሶ "ይህኛው ደህና ነው" አላቸው። እሳቸውም "እንግዲያው ማንም እንዳይነካው አድርገህ ዝጋልኝ" አሉት፤ እሱም ድራይቨሩ ከአፕዴት ጋር እንዳይታደስ አድርጎ ዘጋላቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ለምራታቸው ያልነገሯት ደግሞ እሷ በሌለችበት በጠረጴዛዋ ላይ የባዕድ እጅ ማስገባታቸው ስላሳፈራቸው ነበር።

"ጥሩ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር" አሉ። "የሚሠራውን ቆልፌ፣ ሌላው እንዳሻው ይሁን ብዬ።"

"ታዲያ ድዱን ለቀው ጥርሱን ቆለፉታ" አልኩ፣ ምክር የሚሰጥ ሰው ድምፅ አውጥቼ። ገና ልቀጥል ስል ምራትየዋ እጇን በትሕትና አነሣች።

"መምህር፣ ይቅርታዎን፣ አባባን ብቻ አይውቀሱልኝ። ኮምፒዩተሩ ነግሮኝ ነበር። አፕዴት ባደረግሁ ቁጥር በቢጫ ፊደል 'ይህን ድራይቨር እያለፍኩት ነው' የሚል መስመር ያወጣ ነበር። ትናንትም ዛሬም አውጥቷል። እኔ አላነብም። እሺ የሚለውን ተጭኜ ወደ ጀሶዬ ነው የምሄደው። ደግሞ ሌላም አለ። ለክፉ ቀን የሚሆን ሁለተኛ ከርነል ተጭኖ ነበር፤ ቦታ ያጣብባል ብዬ አጠፋሁት። እሱ ቢኖር ዛሬ ከቤት ባልወጡ ነበር።"

ይህን የተናገረችው ቀና ብላ ነው። እኔ ግን አፈርኩ፤ ከሁለቱ ወገን ጥፋተኛ ለይቼ ልፈርድ ተነሥቼ ነበርና። አንዱ ምንም እንዳይነካ ይፈራል፣ አንዷ ሳታይ ትነካለች፣ ሁለቱም አይነጋገሩም። ቤት የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ የጨዋ ዝምታ ነው። ጮኸው ቢጣሉ ኖሮ ቢያንስ ቁልፉና ቢጫው ፊደል ቀደም ብለው በተገናኙ።

ምራትየዋ ከጋሽ መንጋጋ ፈቃድ ጠይቃ ገመዱን ሰካች። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ጥግ ላይ ጥቂት ነጭ ፊደላት ብቻ ታዩ። ምስል የለም እንጂ ኮምፒዩተሩ ሕያው ነው አለችን፤ በጽሑፍ ታዘዋለች። ቁልፉን ፈታች፣ ድራይቨሩን ለአዲሱ ከርነል በሚሆነው አደሰች፣ አጥፍታ አስነሣችው። እኔ በበኩሌ በዓለም ላይ ካለው ውበት ሁሉ የራሴን ባዶ ድድ ሐምራዊ ሆኖ በስክሪን ላይ ሲሽከረከር በማየት እደሰታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ይኸው" አልኩ። "በራ። ሽያጩ ቀረ ማለት ነው?"

ጋሽ መንጋጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዛሬ በራ። ነገስ? ቁልፉን ከፈታሽ ሁለቱም ይለወጣሉ፤ የሚለወጥ ነገር አንድ ቀን መሳቱ አይቀርም። ለምን ሁለቱንም አንቆልፋቸውም? ድዱም ጥርሱም ባሉበት ይቁሙ።"

ምራትየዋ ወንበሯን ወደ አማቷ አስጠጋች። "ለጥቂት ጊዜ ይቻላል አባባ። ለዘለቄታው ግን አይሆንም። ከክሊኒኮቹ ጋር የምንላላከው በኢንተርኔት ነው፤ የሰው የሕክምና ነገር እጃችን ላይ አለ። በየጊዜው የደኅንነት ቀዳዳ ይገኛል፣ አፕዴቱ ያንን ይደፍናል። ካላደስን ቀዳዳውን ሌባ እያወቀው በሩን ክፍት ትተን እንደመተኛት ነው። ደግሞ ይሄ ዓይነቱ ሊኑክስ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ቆሞ አይጠብቀንም። ብዙ ቆይተን ባደስነው ቁጥር ዝላዩ ይረዝማል፣ ሰበራውም ይብሳል።"

"ቀስ ብሎ የሚለወጥ የረጋ ሊኑክስ የለም ወይ? ጠጋኙ አለ ብሎኛል።"

"አለ፤ ጥሩም ነው። መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነበር። ያኔ ግራፊክስ ካርዳችን አዲስ ስለነበር የረጋው ከርነል አላወቀውም፤ መንጋጋውን ሳዞረው እየተንቀራፈፈ ያስቸግረኝ ነበር። ወደፊት ልንመለስበት እንችላለን፣ አልከራከርዎትም። እስከዚያ ግን ባለን ነገር በጥንቃቄ መሥራት ነው ያለብን።"

ይህን መልስ ወደድኩት። ብዙ የተማረ ወጣት ሲከራከር የኔ ብቻ ነው ትክክል ይላል፤ ይህች ልጅ ግን ለሽማግሌው ሐሳብ ቦታ ተወችለት። ጋሽ መንጋጋም ይህን ልብ ብለውታል። ጥያቄያቸው ከዚያ በኋላ የክርክር ሳይሆን የሠራተኛ ጥያቄ ሆነ።

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ" አሉ። "እኔን የሚያስፈራኝ መበላሸቱ አይደለም። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያላበላሸሁት ነገር የለም። ሰም ሲበላሽ ግን መመለሻውን አውቃለሁ፤ አቀልጠዋለሁ። ይሄ ሲጠቁር መመለሻውን አላውቅም። አንቺ ከሌለሽ ደጅ ወጥቼ ሰው መለመን ነው።"

ምራትየዋ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞራ ሠራች፤ እየሠራችም በዝግታ ነገረቻቸው። ሁለተኛ ከርነል ጫነች፤ ይህኛው ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል ተብሎ የሚዘጋጅ፣ ቶሎ ቶሎ የማይለወጥ ነው። ለእሱም የራሱን ድራይቨር ጫነችለት። አሁን ሁለት ድድ አለ፣ ለየድዱም የራሱ ጥርስ አለው።

"በይ እንግዲያው አበላሽተሽ አሳዪኝ" አሉ ጋሽ መንጋጋ።

"አባባ?"

"በዓይኔ ፊት አጥቁሪው። ሲበራማ ማንም ጎበዝ ነው።"

ድዴ እዚያ ውስጥ ስለነበር ተቃውሞዬን ላሰማ ነበር፤ የአማትና የምራት ዓይን ሲገናኝ ግን ተውኩት። እሷ የአዲሱን ከርነል ድራይቨር ሆን ብላ አነሣችው። አጥፍታ አስነሣችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ጠዋት ይህን ሰው ከቤቱ ያስወጣው ያው ጥቁረት ተመልሶ መጣ።

ምራትየዋ ከወንበሯ ተነሣች። "ይቀመጡ አባባ። እርስዎ ነዎት የሚመልሱት።"

ተቀመጡ። ማጥፊያውን ጫን አድርገው ቆዩ፣ እንደገና አስነሡት። ሲነሣ ሁለት መስመር ምርጫ ታየ፤ ከላይ አዲሱ ከርነል፣ ከታች የረጋው። "ከታች ያለውን" አለቻቸው። የጋሽ መንጋጋ ጣት እየተንቀጠቀጠ ቁልቁል የምታመለክተዋን ቀስት ፈልጎ አገኘ፣ ተጫነ፤ ከዚያ ማስገቢያ ቁልፉን ተጫነ። የኮምፒዩተር ቁልፍ እንደ ሰም አይደለም፤ የሚንቀጠቀጥ ጣትም ቢነካው ያው ይታዘዛል። ጥቂት ነጭ ፊደል አለፈ፣ ስክሪኑ በራ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። "እኔ ነኝ ያበራሁት?" አሉ።

"እርስዎ ነዎት።"

"እንደገና አጥፊውና እንደገና ላድርገው።"

ሦስተኛ ጊዜ ሲያደርጉት ምክር ሳትሰጣቸው ነበር፤ ከዚያ ያነሣችውን ድራይቨር መልሳ ጫነች። ከዚያ በኋላ እኔ ያየሁት ነገር ቢኖር የሚጠራጠር ሰው አንዴ ካመነ ከአሳማኙ ይበልጥ እንደሚሰብክ ነው። በቤቱ የሚሠራበትን ደንብ ያወጡት ጋሽ መንጋጋ ራሳቸው ናቸው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር አፕዴት የለም፤ የሚታደሰው ሥራ ተጠናቆ ጥርሱ ሁሉ ለባለቤቱ ከደረሰ በኋላ፣ ለስሕተት ጊዜ ሲኖር ነው። ከማደስ በፊት የሊኑክሱ ሠሪዎች የሚያወጡት ማስታወቂያ ይነበባል። ቢጫ ፊደል እየታየ እሺ አይባልም። ከርነሉና ድራይቨሩ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዱ ተቆልፎ አንዱ አይለቀቅም። የረጋው ሁለተኛ ከርነል አይጠፋም፣ ቦታ ካነሰ ሌላ ነገር ይጥፋ።

"ማስታወቂያውን የማነበው እኔ ነኝ" አሉ። "እጄ ነው እንጂ የሚንቀጠቀጠው ዓይኔ አይንቀጠቀጥም። የጥርስ ዕቃ መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ሳነብ ነው የኖርኩት። ትዕግሥትም አለኝ፤ እሷ የላትም።"

"የለኝም" አለች ምራትየዋ። ይህን ጊዜ ስትስቅ ዓይኗም አብሮ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ገዢው መጣ። የጭነት መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ፣ "ጠዋት ብጠብቅዎ ቀሩ፣ ምነው?" ብሎ ገባ። ጋሽ መንጋጋ ወንበር ሰጡት፤ እሱ የሚፈልገው ማሽኑን ሲሆን እሳቸው ስለ ከርነል ያስተምሩት ጀመር። "አየህ ወንድሜ፣ ኮምፒዩተሩ መጥፎ ሆኖ አልነበረም። እኛ አያያዙን አላወቅንበትም። ሳታድስ ብትቀር ሌባ ይገባብሃል፤ ሳታነብ ብታድስ ይጠቁርብሃል። መመለሻህን አዘጋጅተህ ብታድስ ግን ሥራህ አይቋረጥም፣ ደንበኛህ አፉን ይዞ አይንከራተትም፣ ቢጠቁርብህ እንኳ ወዲያው ትመልሰዋለህ።" አፉን ይዞ የሚንከራተተው እኔ መሆኔን ገዢው አይቶ ገባው።

"ታዲያ አይሸጥም ማለትዎ ነው? የመጨረሻ ቃልዎን ይስጡኝ።"

"የመጨረሻው ቃል የኔ አይደለም" አሉ ጋሽ መንጋጋ። "ኮምፒዩተሩም ማሽኑም የልጄ ናቸው። ጠዋት የራሴ ያልሆነውን ተሸክሜ ነው የወጣሁት። እሷን ጠይቃት።"

ምራት አላሏትም፤ ልጄ ነው ያሉት። እሷም ይህን ሰምታለች። ገዢው ወደ እሷ ዞሮ ሲጠብቅ ጎንበስ ብላ የማሽኑን ሽፋን ገፈፈችና ማብሪያውን ተጫነች። ማሽኑ መሽከርከር ጀመረ። ገዢው የሚነገረው ሌላ ነገር እንደሌለ ተረድቶ ተሸካሚዎቹን ይዞ ወጣ።

እኔ ይህን ታሪክ የምጽፈው ኮምፒዩተር ለሚጠግኑ ሰዎች አይደለም፤ እነሱ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። የምጽፈው በአንድ ጣሪያ ሥር አሮጌና አዲስ ሙያ ይዘው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። "አትንኩት" የሚል ሽማግሌ ያላችሁ፣ ፍርሃቱን አትሳቁበት፤ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ዓይን የሰጠው ያው ፍርሃት ነው። "ሁሌ እናድስ" የሚል ወጣት ያላችሁም ገመዱን አትንቀሉበት፤ መንገዱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ መመለሻውንም ጭምር። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ግን መከራ ክፍያው የበዛ አስተማሪ ነው፣ ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል።

በሚቀጥለው የሳምንት መጨረሻ አዲሱን ጥርሴን አድርጌ ወደዚያ ቤት ስገባ ሥራው ሁሉ አልቆ ጠረጴዛዎቹ ተጠርገዋል። ምራትየዋ በስክሪኗ ፊት ተቀምጣ ጣቶቿን ፊደላቱ ላይ አሳርፋለች፤ ግን አልጻፈችም። ጋሽ መንጋጋ ከጎኗ ወንበር ስበው መነጽራቸውን ያስተካክላሉ።

"አባባ፣ ላድሰው?" አለች።

"ቆይ ልጄ፣ አንዲት መስመር ቀርታኛለች" አሉ፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው። እሷም እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀቻቸው።